ጥሩምባ ያልተነፋላት ዳጣ ሻጭ

ሶዶ ውስጥ እኛ ባደግንበት ሰፈር ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚሰማው ለቅሶ አይደለም፣ ጥሩምባ ነው። የዕድሩ ለፋፊ ከመንገዱ ላይኛው ጫፍ ይነሳና እየነፋ፣ እያቆመ፣ የሟቹን ቤት በወላይትኛም በአማርኛም እየተናገረ ቁልቁል ይወርዳል። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ የዕድሩም ዳኛ። ጥሩምባውን ሲሰማ መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንደተሰካ ትቶ ይነሳል። የሙሽራ ልብስ ይሁን የሹም ኮት ግድ አልነበረውም። ደንበኛውን «ነገ ና፣ ዛሬ ሰው ሞቷል» ይለዋል፣ አለቀ።

እኔ የምጽፈው ጥሩምባው ስላልተነፋበት ቀን ነው። ገብቶኝ አይደለም የምጽፈው። ገብቶኝ ቢሆን ኖሮ ለልጆቼ በሁለት ቃል ነግሬያቸው እተወው ነበር። ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፣ እኔ ሰባተኛ ክፍል ነኝ፣ ትልልቆቹ ደግሞ የሚሠሩትን የሚያውቁ ይመስሉኝ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ አልመሰሉኝም።

ጎረቤታችን ዳጣ ሻጭ ነበረች። ባሏ የሞተባት፣ ቀጭን፣ ነገረኛ አሮጊት። በርበሬውን ከዝንጅብልና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ድንጋይ ላይ ስትፈጨው እኛ ግቢ ድረስ ያስነጥሰን ነበር። ከጓሮዋ አንዲት ትንሽ ክፍል ነበረቻት፤ ከገጠር ለትምህርት ለሚመጡ ልጆች ታከራያታለች። ያኔ በየገጠሩ ቀበሌ ከስድስተኛ ክፍል በላይ የሚያስተምር ትምህርት ቤት እምብዛም አልነበረም። መማር የፈለገ ሶዶ መጥቶ ክፍል ይከራያል፤ ዓርብ ከሰዓት በእግሩ ወደ አገሩ ይሄድና የሳምንት ስንቁን በማዳበሪያ ተሸክሞ ይመለሳል። ጎዳሬ፣ ስኳር ድንች፣ የበቆሎ ቂጣ። የአከራይና የተከራይ ነገር ይህን ያህል ነበር። ወላጅ ልጁን ያስረክባል፣ አከራይ «እንደ ልጄ» ይላል፣ ከዚያ በኋላ ማንም አይጠይቅም።

በዚያ ዓመት ክፍሏን የተከራየችው ከጉኑኖ ወዲያ የመጣች ልጅ ነበረች። እኔ ክፍል ውስጥ፣ እኔው ዴስክ ላይ ተቀመጠች። አማርኛዋ ገና ነበር፤ እኔን ሴቷን «አንተ» እያለች ትጠራኝ ነበርና ክፍሉ ይስቃል። እሷም አብራ ትስቃለች። በሒሳብ ግን የሚስቅባት አልነበረም። አባቷ ገበሬ ነው፤ ሲያመጣት አባቴ ሱቅ ቆሞ የዩኒፎርም ልክ አስለካላት። እንድታድግበት ሰፋ ይበል አለ።

የአሮጊቷ ልጅ የመንግሥት መኪና ሹፌር ነበር፤ ሚስት የለውም፣ ከእናቱ ጋር ይኖራል። ልንጠላው የሚገባን ሰው መሆኑን ማን ይንገረን? ሰፈሩ ይወደዋል። ነፍሰ ጡር ምጥ ሲይዛት ሆስፒታል የሚያደርሳት እሱ ነው፤ የዕድሩን ድንኳንና አግዳሚ ወንበር የሚጭነው እሱ ነው። እኛን የሰፈሩን ልጆች ዝናብ ሲመጣ ያሳፍረናል። ስለዚህ ያቺ ጓደኛዬ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ክፍሏ መግባት ትታ እኛ በር ላይ መቀመጥ ስታበዛ ነገሩ አልገባኝም። «ግቢ እንጂ» እላታለሁ። «አዬ እስኪመጣ» ትለኛለች፤ በእነሱ አገር እናትን እንዲያ ነው የሚጠሩት፣ አሮጊቷን ማለቷ ነው። እኔ ደግሞ ብቸኝነት መስሎኝ ከቤት ቂጣ አመጣላታለሁ።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አሮጊቷ ከገበያ ቀደም ብላ ተመለሰች። ልጇ የጓሮውን በር በትከሻው ሲገፋ፣ ልጅቷ ከውስጥ በጀርባዋ ተደግፋ በሩን ይዛ ስትጮህ ደረሰች። የመጀመሪያው ቀንም አልነበረም። ዳጣ የያዘውን ሳህን ፊቱ ላይ ደፋችበት። ይህን እኔ አላየሁም፤ ያየሁት እሱ ዓይኑን ይዞ ቧንቧ ሲፈልግ፣ እሷ ደግሞ ልጅቷን በእጇ እየጎተተች እኛ ግቢ ስትገባ ነው። ልጅቷ አንድ ጫማ ብቻ ነበር ያደረገችው። አሮጊቷ አባቴን «ይሄን ልጅ ከዛሬ ጀምሮ አንተ ጋ ነው የሚያድረው» አለችው፤ ወንዱንም ሴቱንም አንድ አድርጋ ነበር አማርኛ የምትናገረው። ከዚያ ደጃችን ቁጭ ብላ አለቀሰች።

በማግስቱ አባቴ ልጅቷንና አሮጊቷን ይዞ ቀበሌ ሄደ። ቀበሌው «የደረሰባት ነገር አለ?» አለ። በሩን ይዛ እንደተረፈች ሲነግሩት «እንግዲያስ ምን ብዬ ልጻፍ? በሽማግሌ ጨርሱ» ብሎ መለሳቸው። ፖሊስ ጣቢያም ያው ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ሽማግሌዎች በግ እየጎተቱ እኛ ግቢ መጡ። በጉን ከአቮካዶው ዛፍ ሥር አሰሩትና እርቅ ይሁን አሉ፤ ከፈለጋችሁም ስትደርስ ያገባታል አሉ። ይህን ሲሉ እኔና እሷ ከመጋረጃው ኋላ ነበርን። «ምን አሉ?» አለችኝ፤ ሰምታለች እኮ፣ በቋንቋዋ ነው የተናገሩት። እኔም ሰምቻለሁ። ያን ጊዜ የያዘኝን ግራ መጋባት ዛሬም አስታውሰዋለሁ፤ በሩን የገፋባትን ሰው በበሩ አስገብተው ባል ሊያደርጉላት ነው ማለት ነው?

የልጅቷ አባት ከገጠር ተጠርቶ መጥቶ ነበር። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የሽማግሌዎቹን ቃል ሰማ። በመጨረሻ በወላይትኛ «ለእሱ አልድርም። በጉንም አልበላም። ልጄን ግን እወስዳለሁ፤ ትምህርት ይብቃት» አለ። ጓደኛዬ መጋረጃውን ጨምድዳ ይዛ ነበር። እኔ ቁጣዬ የሚያርፍበት አጣሁ። በሽማግሌዎቹ ልናደድ? በአባቷ? ምንም ያላጠፋች ልጅ ከትምህርት ቤት ትወጣለች፣ ሹፌሩ ነገ መኪናውን አስነስቶ ሥራ ይገባል። ሁሉም ደግሞ ነገሩ መልካም ተጠናቀቀ በሚል ፊት ይተያያሉ።

ያን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዕድሩ እኛ ግቢ ተሰበሰበ፤ ጴንጤውም ኦርቶዶክሱም፣ ወላይታውም ከሰሜን የመጡት ሰዎች ልጆችም፣ ሁሉም የአንድ ዕድር አባል ነው። አባቴ ዕድሩ ይህን ሰው ይቅጣ ብሎ ነበር የጠራቸው። ችግሩ ግን ዕድር የሚያውቀው ቅጣት ለቅሶ ለቀረ ሰው ነው፤ ከዚያ የሚበልጠው ደግሞ ከዕድር ማስወጣት ብቻ ነው። ከዕድር የወጣን ሰው ማንም ሰላም አይለውም፣ እሳት አይጫርለትም፣ ሲሞትበት ማንም አይደርስለትም። ሌላም ችግር ነበር። ዕድር የሚመዘገበው በቤት ነው። የዚያ ቤት አባል ደግሞ ሹፌሩ አይደለም፤ ከባሏ የወረሰችው እናቱ ናት። እሱን ለማስወጣት እሷን ማስወጣት ሊኖርባቸው ነው።

«የበደለው እሱ፣ የምትቀጣው እሷ? ይሄ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?» አለች እናቴ ከሴቶቹ መካከል። ብዙዎች አጉረመረሙ። ስብሰባው ሊበተን ሲል አሮጊቷ ተነሳች። እንዲህ አለች፦ «እኔን አስወጡ። እሱ የሚፈራው ሌላ ነገር የለም፣ እኔ ወልጄው የማውቅ። ልጅቱ አገሩ ከሄደ ግን እኔን አትቅበሩኝ ብዬ ነው የምሞት።» አንድ ሽማግሌ «እርስዎስ ነገ ቢሞቱ?» አላት። «ዛሬ ነው እንዴ የምሞተው?» ብላ ሳቀች። ሰውም ሳቀ። እንደዚያ እየሳቁ ወሰኑ።

የዚያን ቀን የወሰኑት ሌላም ነበር፤ የተማሪ ልጅ የሚያከራይ ቤት ሁሉ ለዕድሩ ተጠሪ ይሆናል። ልጅ ከተነካች ቤቱ ከዕድር ይወጣል። ዓርብ ዓርብ የሰፈሩ ሴቶች በተራ ልጃገረዶቹን እስከ ከተማው ዳር ይሸኛሉ። ጓደኛዬ እኛ ቤት እንድትሆን ተደረገ። አባቷ ይህን ሰምቶ ለአባቴ «ተዋት፣ ትማር። ከዚያ ሰው ጋር አብራችሁ የተቀመጣችሁ ቀን ግን መጥቼ እወስዳታለሁ» አለው። አባቴም እጁን ሰጠው። የልጅቷ ትምህርት ከዚያ በኋላ በዚህ ቃል ላይ ነበር የተንጠለጠለው፣ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

የቀረውን የዓመቱን ወራት መግለጽ ይቸግረኛል። ሹፌሩ ዕለቱን ኮሰሰ፤ ድንኳን የሚጭንለት፣ ቢራ የሚጋብዘው ሰፈር ፊቱን አዞረበት። እሱስ ይበለው። አሮጊቷን ግን ምን እንበላት? ጠዋት ስናልፍ ሰላም እንዳንላት ተከልክለናል። እሷ ራሷ፣ እኛን እንዳታስቀጣን፣ ስታየን ፊቷን ወደ ድንጋይዋ ትመልስ ነበር። እናቴ ወጥ ስትሠራ ዳጣ ከሌላ ሴት ታስገዛኝና ምሳ ላይ «አይጥምም» እያለች ትቆጣለች። አባቴ አንገቱን ደፍቶ ይበላል። ቤታችን ውስጥ ማን በማን እንደተቀየመ አላውቅም ነበር።

አሮጊቷና ጓደኛዬ ግን ደንቡን ማለፊያ አገኙ። ቃል አይነጋገሩም። የክፍል ደረጃ የወጣ ሰሞን አሮጊቷ ከአጥሩ ማዶ ቀጥ ብላ እጇን አንስታ ጣቶቿን ታወዛውዛለች፤ ስንተኛ ወጣሽ ማለቷ ነው። ጓደኛዬ ሁለት እጇን ዘርግታ አሥሩንም ጣቶቿን አሳየቻት። አሮጊቷ ግንባሯን አኮሳተረች፣ ራሷን በጣቷ መታ መታ አደረገች። አጥኚ ማለት ነው። እኔ ሃያ ምናምነኛ ነበርኩ፣ ስለዚህ ወደ ሌላ ወገን አየሁ።

የሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ሊያልቅ ሲል፣ ዝናቡ ከዳሞታ ተራራ በየቀኑ እየወረደ፣ አንድ ጠዋት ሹፌሩ አጥራችን ውጭ መጥቶ ቆመ። አልገባም። «ጋሼ፣ እናቴ ሞታለች» አለ። አባቴ የልብስ መስፊያ መኪናው ላይ ነበር፤ ቀና አላለም። «ጋሼ» አለ ሰውዬው ደግሞ። አባቴ መስፊያውን ይረግጠው ጀመር። ጨርቅ አልነበረበትም፤ መርፌው ባዶውን ይወጣል ይወርዳል። እስኪሄድ ድረስ ረገጠው።

የዕድሩ ሹማምንት በጓሮ በኩል እየተሽሎከሎኩ መጡ። ለፋፊው ጥሩምባውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ በር ላይ ቆሞ «ልንፋ ወይስ አልንፋ?» ይላል። «እሷን ቅበሩ፣ እሱን ተዉት!» አለች እናቴ። «እንዴት ነው የሚለየው?» አላት አባቴ። «ድንኳኑ ሥር የሚቀመጠው ማነው? እግዚአብሔር ያጽናህ የምንለው ማንን ነው?» ከሄዱ ከሹፌሩ ጋር ተቀምጠው ንፍሮ ሊበሉ ነው፤ ከተቀመጡ ቃሉ ፈረሰ፣ የልጅቷ አባት መጥቶ ይወስዳታል፤ ሌሎች አከራዮችም ያያሉ። ካልሄዱ ደግሞ በሰፈሩ ካሉት ሰዎች ሁሉ የተሻለችውን ሴት ውሻ እንደሞተ ሊያደርጓት ነው። ትልልቅ ሰዎች እንደዚያ ሲጠፋባቸው አይቼ አላውቅም። ይወስናሉ፣ ያፈርሳሉ፣ እንደገና ይወስናሉ። ጓደኛዬ ደብተሯን ይዛ ተነስታ ወጣች። ቁርስ አልበላችም። ምን እንደማደርግ ስላላወቅሁ ተከተልኳት።

የትምህርት ቤታችን ደወል ከግራቪሊያው ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነበር። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ መሐል ላይ ተደወለ። ወጥተን ስናይ ብረቱን ይዛ የምትመታው እሷ ናት። ለውሃ ብላ አስፈቅዳ ነበር የወጣችው። ልጁ ሁሉ ግቢው ላይ ፈሰሰ። ስም ጠሪያችን ጠመኔውን እንደያዘ ሮጦ መጣ።

«ማን ደውዪ አለሽ?»

«ሰው ሞቷል፣ ቲቸር።»

«ሰው ከሞተ ዕድሩ አለ አይደል? የየትኛው ዕድር ናት?»

«ዕድር የለውም» አለች። «እኛም ዕድር የለንም። ተማሪ ነን።»

መምህሩ ነገሩን ያውቀው ነበር፤ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ትንሽ አያት። ከዚያ የትምህርት ቤቱ የጓሮ አትክልት ዶማና አካፋ የሚቀመጥበትን ክፍል ቁልፍ ከኪሱ አወጣና ደወሉ ሥር ያለው ድንጋይ ላይ አስቀመጠው። «እኔ ክፍል ውስጥ ነኝ፣ ምንም አልሰማሁም» ብሎ ተመለሰ። እስከዛሬ ስለዚያ ሰው ሳስብ ላመስግነው ወይስ ልውቀሰው አላውቅም።

የስምንተኛ ክፍል ወንዶች፣ ከገጠር ዘግይተው ትምህርት የጀመሩ፣ ጢም ያወጡ ነበሩ። እነሱ ቀድመው መቃብር ሊቆፍሩ ሄዱ። የቀረነው ወደ አሮጊቷ ቤት ወረድን። ከቦዲቲ የመጣች እህቷ ገንዛታለች፤ ከሌላ ሰፈር የመጣ አንድ ወንጌላዊ አለ። ከዚያ በቀር ሹፌሩ ብቻ። ባዶ ግቢ ውስጥ እየተንሰቀሰቀ ያለቅሳል፣ ንፍጡ አገጩ ላይ። አሳዘነኝ። ይህን ስጽፍ ያናድደኛል፣ ግን አሳዘነኝ። ጓደኛዬ አጠገቤ ቆማ እያለች ነው ያሳዘነኝ፤ ቀና ብዬ ላያት አፈርኩ።

ቃሬዛውን ለማንሳት የፊቱን እንጨት ሊይዝ መጣ። ጓደኛዬ ቀድማ ያዘችው። ያን ሁሉ ወራት ስሙን አንስታ አታውቅም፣ በመንገድ ሲያልፍ እኔ ኋላ ትሸሸግ ነበር። በወላይትኛ፣ ጮክ ብላ ሳይሆን ሁሉም እንዲሰማው አድርጋ፣ «እናቴን እኛ እንወስዳታለን። አንተ ከኋላ ና» አለችው። እጁን ሰበሰበ። ከኋላ መጣ።

መንገዱ ላይ ከእኛ በቀር ማንም አልነበረም። ከየአጥሩ ውስጥ ግን ለቅሶ ይሰማል። ሴቶቹ በየግቢያቸው ቆመው ደረታቸውን ይመታሉ፣ ከበራቸው አይወጡም። ወንዶቹ በእንሰቱ መካከል ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል። የአባቴን ራስ አየሁት፤ የልክ መለኪያው ሜትር አንገቱ ላይ ነበር፣ ማውለቁን ረስቶታል። እኛ ደግሞ የቀብር መዝሙር አናውቅም። አንዱ የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ጀመረ፣ የጭብጨባ መዝሙር ነበር፣ ሳናጨበጭብ ዘመርነው። ኦርቶዶክሶቹ ልጆች ቃሉን ስለማያውቁት ዜማውን ብቻ አብረው አሉ። ቀዩ ጭቃ ያንሸራትት ነበር፤ አንድ ጊዜ ልንጥላት ስንል ሁላችንም ጮኽን፣ ጓደኛዬ በጉልበቷ ተንበርክካ ያዘቻት። የዩኒፎርሟ ጉልበት ተቀደደ።

ማታ አባቴ ያን ዩኒፎርም ሲሰፋ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። «አባዬ፣ ልክ ነው የሠራችሁት?» አልኩት። «ክሩን አቀብይኝ» አለኝ። አቀበልኩት። ከዓመታት በኋላ እሱ ሲሞት ጥሩምባው ተነፋለት፣ ሰው እንደ ጎርፍ መጣ፤ እኔ ድንኳኑ ሥር ቁጭ ብዬ የማስበው ያን ባዶ መንገድ ነበር። ሹፌሩ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። እዚያስ የጓሮ ክፍል የለ ይሆን? ሰፈራችን ልጆቹን ጠበቀ፣ እውነት ነው፤ ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ ልጅ አልተነካችም። ሰውየውን ግን የትም አላሰረውም፤ ለሌላ ሰፈር አሳለፈው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር የማመሰግነውና የምረግመው ይደባለቅብኛል።

ከቀብሩ በኋላ ባለው ዓርብ የልጅቷ አባት መጣ። በመንገድ ሰምቷል፣ ግን ግማሹን ነው የሰማው። ሳይቀመጥ፣ አባቴን ቆሞ ጠየቀው። «ለቅሶ ደረሳችሁ?»

«አልደረስንም።»

«ታዲያ ማን ቀበራት?»

አባቴ በአገጩ ወደ ጓደኛዬ አመለከተ። ሰውዬው ልጁን አያት፣ የተሰፋውን የዩኒፎርሟን ጉልበት አየው። መቃብሩ የት እንደሆነ ጠየቀና ብቻውን ሄደ። ሲመለስ እግሩ ቀይ ጭቃ ነበር። ስንቅ ያመጣበትን ማዳበሪያ ለእናቴ ሰጣትና ለልጁ «ሰኞ ከትምህርት እንዳትዘገዪ» አላት። ብቻውን ወደ አገሩ ተመለሰ።

ካርድ የተሰጠን ቀን ከትምህርት ቤት ወጥተን እሷ በቀጥታ ወደ ቤት አልመጣችም። ወደ መቃብሩ ወጣች፣ እኔም ተከተልኳት። ሣር ገና አልበቀለበትም። ፊት ለፊቱ ቀጥ ብላ ቆማ አንድ እጇን አነሳች፤ ሦስት ጣት ዘረጋች። እንደዚያ አድርጋ ቆየች። መልስ የምትጠብቅ ነበር የምትመስለው። እኔም ምን እንደምላት ስላላወቅሁ ራሴን በጣቴ መታ መታ አደረግሁላት።